ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት

የዛሬው ዝግጅታችን ቤት ለሚያከራዩ ሰዎች የተሰናዳ ነው። የምናናግረው ፎቅ ደርድረው የሚያከራዩ ባለሀብቶችን አይደለም። በግቢያችሁ ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍል ሠርታችሁ በኪራዩ ልጅ የምታስተምሩ እናቶች፣ ጡረታችሁ አልበቃ ብሎ በአንዲት ክፍል ኪራይ የምትደጉሙ አባቶች፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላችሁ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ለመሸፈን ቤቱን አከራይታችሁ ራሳችሁ ቤተሰብ ዘንድ የተጠጋችሁ ወጣቶች፣ ጨዋታው ከእናንተ ጋር ነው። ምሳሌዎቻችን በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ናቸው። አዳማም፣ ባሕር ዳርም፣ ሐዋሳም ያላችሁ ግን የራሳችሁን ግቢ ታዩበታላችሁ።

ማከራየት ሥራ ነው። ወር ሲሞላ እጅ ዘርግቶ ገንዘብ መቀበል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ከተከራይ ጋር ወረዳና ፍርድ ቤት የሚመላለሰውም በአብዛኛው እሱ ነው። በአከራይና በተከራይ መካከል የሚነሳ ጠብ ሲመረመር ሥሩ አንድ ነው፤ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ያልተነጋገሩበት ነገር። የመብራቱ ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈል፣ በሩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ቧንቧ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራ አልተነጋገሩም። መጀመሪያ በይሉኝታ ይታለፋል፣ ቀጥሎ በሐሜት ይወጣል፣ በመጨረሻ በስድብ ይፈነዳል። ስለዚህ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜያችንን የምናጠፋው ተከራይ ከመግባቱ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው።

ከክፍሉ እንጀምር። ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት የምታከራዩትን ክፍል እንደ ተከራይ ሆናችሁ እዩት። ቀለሙና ኮርኒሱ ይቆየን፤ ሕይወት የሚያጠፋውን ነገር አስቀድሙ። ይህ ደግሞ ሁለት ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመድና የከሰል ጭስ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በቤታችን ካለው ዕቃ ሁሉ ኃይል በብዛት የሚበላው ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። አሁን የብዙ ሰርቪስ ክፍሎችን የመስመር ዝርጋታ አስቡት። ከዋናው ቤት በመስኮት የወጣ ቀጭን ገመድ፣ በተላጠ ፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ሶኬት። ለአምፖል የሚበቃው ባለ 1.5 ገመድ ምጣድ አይችልም፤ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ከዚያ እሳት ነው። ምጣድ የሚሰካበት መስመር ከቆጣሪው ተነስቶ ለብቻው የሚመጣ፣ ባለ 4 ገመድ የተዘረጋበትና የራሱ ብሬከር ያለው ቢሆን ይመረጣል። «ተከራዮቼ ምጣድ አይጠቀሙም» ብላችሁ አትለፉት። ዛሬ ባይኖራቸው ነገ ይገዛሉ። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን አምጥታችሁ ለአንድ ቀን ብታሠሩት ወጪው ከሁለትና ከሦስት ወር ኪራይ የሚያልፍ አይመስለኝም።

ስለ ከሰል ጭስ ደግሞ ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በየክረምቱ ሰው ይሞትበታል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አያስነጥስም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ጠፋ ሲባል እንኳ ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። አንዲት በርና አንዲት ጠባብ መስኮት ያላት ክፍል፣ ብርድ እንዳይገባ በሯ ሥር ጨርቅ የተጎሰጎሰባት፣ ውስጧ ከሰል ያለባት፣ ይህች የሞት ወጥመድ ናት። የአከራዩ ድርሻ እዚህ ላይ ከባድ ነው። በጣሪያው ሥር የማይዘጋ የአየር መተላለፊያ ክፈቱ። ከክፍሉ ውጭ፣ ቆርቆሮ የለበሰች ትንሽም ብትሆን የጋራ ማድ ቤት አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ ተከራይ ሲገባ በግልጽ ንገሩት፤ «ልጄ፣ ቡናም ይሁን ወጥ በከሰል የምትሠሩት ውጭ ነው። ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል አይገባም።» ይህን ስትናገሩ የቤት ሥርዓት ማስከበራችሁ አይደለም፤ ነፍስ መጠበቃችሁ ነው።

ቤቱ የጭቃ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። የጭቃ ግድግዳ የሚሞተው ከእግሩ ነው። ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ መሬት ላይ ሲፈነጠቅ የግድግዳውን ሥር ያርሰዋል፣ ምርጉ ይረግፋል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል። አሸንዳ ማሠራት፣ የጣሪያውን ክፈፍ ማስረዘምና ሥሩን በድንጋይና በሲሚንቶ ማስነጠፍ ቤቱን ለዓመታት ያቆየዋል። የቆርቆሮው ምስማር የላላበትን፣ አሸንዳው ቅጠል የሞላበትን በግንቦት እዩት። በሐምሌ ተከራይ ባልዲ ይዞ ሲያንኳኳ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሠራተኛ አይገኝም።

አሁን ወደ ሰው ምርጫ እንምጣ። ደላላ ተከራይ ይዞላችሁ ሲመጣ በብዙ ግቢ የሚጠየቁት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። አገርህ የት ነው? ሃይማኖትህ ምንድነው? ላጤ ነህ? ልጆች አሏችሁ? ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ኪራይ በጊዜው ይከፈል እንደሆነ አይነግራችሁም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ ሰውን በተወለደበትና በሚያመልክበት የሚለዩ ናቸውና ከአፋችን ልናወጣቸው ይገባል፤ እኔ በዚህ ላይ ምንም መለሳለስ የለኝም። ልጅ ያላትን እናት «ልጅ ይረብሻል» ብሎ መመለስም ያሳዝናል። ልጅ ያለው ቤተሰብ በየስድስት ወሩ ጓዙን መንቀል አይወድም፤ ትምህርት ቤት አለ፣ ጎረቤት ይለመዳል። ለአከራይ ከዚህ የተሻለ ተከራይ ከየት ይመጣል?

መጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። ሥራህ ምንድነው፣ ደመወዝህ በስንተኛው ቀን ይገባል? ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ? ምግብ የምታበስሉት በምንድነው? የምሽት ሥራ አለህ? ከዚህ በፊት የት ነበርክ፣ ለምንስ ለቀቅህ? የቀድሞው አከራይ ስልክ ከተገኘ ደውሉ። ሲደውሉ «ጥሩ ሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅም፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ኪራይ በስንተኛው ቀን ይከፍል ነበር? ሲወጣ ክፍሉን እንዴት አድርጎ ተወው?» በሉ። መታወቂያውን እዩ፣ ኮፒውን ያዙ። ዋስ የሚሆን ሰው ካለውም መልካም ነው።

ወደ ውሉ እንግባ። እዚህ ላይ ወረቀት ካላችሁ ያዙ፤ ቁጥሮች አሉ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን አጽድቋል፤ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። ከዚህ አዋጅ አከራይ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉ በተፈረመ በ30 ቀናት ውስጥ ይመዘገባል፤ በአዲስ አበባ ምዝገባው በየወረዳው ነው የሚካሄደው፣ ሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ የከተማችሁን አስተዳደር ጠይቁ። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት ሊያንስ አይችልም። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ኪራይ የሚጨመረውም አከራዩ በፈለገው ቀን ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መጠን ነው። ልድገመው፤ ምዝገባ በ30 ቀን፣ ዘመኑ ቢያንስ 2 ዓመት፣ ቅድሚያ ቢበዛ 2 ወር፣ ክፍያ በባንክ፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ።

አንዳንድ አከራዮች ይህን ሕግ እንደ ጠላት ያዩታል። «በገዛ ቤቴ!» ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል። በአገራችን የቤት ኪራይ ታሪክ ቀላል አይደለም፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት ሲያደርግ የግል አከራይና ተከራይ የሚባል ግንኙነት በሕግ ቀርቶ ነበር። ሰው ክፍሉን ሲያከራይ «ዘመዴ ነው» እያለ በቃል ብቻ ይስማማ የነበረበት ጊዜ ረጅም ነው። በቃል የመዋዋል ልማዳችን ብዙው ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል። ነገር ግን በቃል ያለ ይረሳል እንደሚባለው፣ የቃሉ ውል መጀመሪያ የሚጎዳው አከራዩን ነው። ተከራዩ ሦስት ወር ሳይከፍል ቢቀመጥ ስንት ብር እንደተስማማችሁ፣ መቼ እንደገባ፣ ምን ዕቃ እንደተረከበ በምን ታስረዳላችሁ? የባንኩ ዝርዝርና የተመዘገበው ውል ያኔ ጠበቃችሁ ናቸው።

ውሉን ስትጽፉ ለጭማሪና ለዘመን ብቻ አትጨነቁ። ከሕጉ ይልቅ የዕለት ኑሮው ነው የሚያጣላው። ምን ያህል ሰው እንደሚኖር፣ ኪራይ በስንተኛው ቀን እንደሚገባ፣ የውኃና የመብራት አከፋፈል፣ ትንሹን ጥገና ማን ትልቁን ማን እንደሚያሠራ፣ የውጪው በር ቁልፍ ለተከራይ ይሰጥ እንደሆነ፣ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ስንት ቀን ሊያድር እንደሚችል ጻፉ። በሩን በማታ 3 ሰዓት የሚቀረቅሩ ግቢዎች ብዙ ናቸው። ተከራያችሁ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ከሆነች ወይም ራይድ የሚያሽከረክር ከሆነ ይህ ሥርዓት እንዴት ይሆናል? ከገባች በኋላ በር ላይ ቆማ ከምታንኳኳ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። የተጻፈው ውል ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጽሑፍ የሚደረግ ውል ሁለት ምስክሮች ይፈልጋል።

ከውሉ ጋር የሚያያዝ አንድ ተጨማሪ ወረቀት አለ፤ የርክክብ ዝርዝር። ክፍሉ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ መዝግቡ። ስንት አምፖል፣ ስንት ሶኬት፣ መስታወቱ ሙሉ ነው ወይ፣ የበሩ ቁልፍ ስንት ነው፣ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አለ ወይ፣ ቆጣሪው በዕለቱ ስንት ያነባል። ከተከራዩ ጋር አብራችሁ እየዞራችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለእሱም ላኩለት። ፎቶው የሁለታችሁም ምስክር ነው።

አሁን ወደ መብራት ሒሳብ ልመለስ፣ ምክንያቱም በግቢ ውስጥ እንደ እሱ የሚያጨቃጭቅ የለም። በአንድ ቆጣሪ አራት ቤተሰብ ሲጠቀም አብዛኛው አከራይ ሒሳቡን በአምፖል ቁጥር ያካፍላል። ማታ ሲሆንም «መብራት አጥፉ» ይላል። እስቲ እናስላው። አንድ 3,500 ዋት ምጣድ ሳይጠፋ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። 10 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል ማታ ማታ 5 ሰዓት ቢበራ ይህን ያህል ለመብላት ከ100 ሌሊት በላይ ይፈጅበታል። አንድ የእንጀራ ጋገራ ለአምፖል የሦስት ወር ብርሃን ማለት ነው። ማታ የሚያጠና ተማሪን አምፖል ማስጠፋት ሒሳቡን አይቀንሰውም፤ ልጁን ብቻ ይጎዳል። ፍሪጅና ምጣድ፣ የውኃ ማሞቂያና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ማን ነው? ድርሻውም በዚያ ይታሰብ።

ደግሞም የቤት መብራት ታሪፍ በደረጃ የተሠራ ነው፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አብሮ ይጨምራል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ሁሉም ወደ ውዱ ደረጃ ይወጣል። ብቻዋን የምትኖር፣ አንዲት አምፖልና ስልኳን ብቻ የምትሰካ ተከራይ የማትጠቀምበትን ዋጋ ትከፍላለች ማለት ነው። የተሻለው መንገድ ለየክፍሉ የራሱ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ያ ካልተቻለ በዋናው ቆጣሪ ሥር ለየክፍሉ የምትገጠም ትንሽ የግል ቆጣሪ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገዝታችሁ በባለሙያ አስገጥሙ። በየወሩ ሁላችሁም አንድ ላይ ታነባላችሁ፣ ሒሳቡ በንባቡ ይካፈላል። ከመጣው ሒሳብ ላይ ትርፍ መጨመር ደግሞ አይገባም፤ ደረሰኙን ለተከራዮች አሳዩ። ውኃም እንዲሁ ነው። በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ሮቶ ማስቀመጥ፣ ሮቶውንም በዓመት ሁለት ጊዜ ማጠብ የአከራይ ድርሻ ቢሆን ጥሩ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓዱ መቼ እንደሚመጠጥና ወጪው እንዴት እንደሚከፈልም ቀድማችሁ ወስኑ። ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ሰላም የለውም።

ተከራዩ ገብቶ መኖር ከጀመረ በኋላ ያ ክፍል የእሱ ቤት ነው። ይህ ለብዙ አከራይ ይከብደዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰውን ግላዊነት ሲጠብቅ መኖሪያ ቤቱንም ይጨምራል። ተከራይ በሌለበት በትርፍ ቁልፍ ከፍቶ መግባት፣ እንግዳውን መቁጠር፣ የተሰጣውን ልብስ አይቶ አስተያየት መስጠት አይገባም። ጣሪያ ማየት ካስፈለገ «እሑድ ጠዋት ሠራተኛ ላምጣ፣ ይመችሻል?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንዲህ የተከበረች ተከራይ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ወዲያው መጥታ «እትዬ፣ ቧንቧው ሊፈነዳ ነው» ትላችኋለች። የምትፈራችሁ ግን ደብቃባችሁ ትኖርና ግድግዳው ሲርስ ነው የምታውቁት።

ተከራይ መክፈል ቢያቆምስ? መጀመሪያ ጠይቁት። ሥራ አጥቶ፣ ታሞ ወይም ደመወዝ ዘግይቶበት ሊሆን ይችላል። መቼ እንደሚከፍል በጽሑፍ ተስማሙ። ካልሆነ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ ከዚያ ወረዳችሁ ጋ ሂዱ፤ ሕጉ ያስቀመጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይነግሯችኋል፣ የመጨረሻው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። መብራት መቁረጥ፣ በር መንቀል፣ ዕቃ ወደ ውጪ ማውጣት ግን እናንተን ከሳሽ ከመሆን ተከሳሽ ወደ መሆን ያዞራችኋል። ሕፃን ያለበት ቤት ውኃ መዝጋት ደግሞ ከሕግም በፊት ጭካኔ ነው።

ስለ ኪራዩ መጠንም አንድ ሒሳብ እናድርግ። አንዲት ክፍል በ8,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ብትከራይ 96,000 ብር ታስገባለች። ያቺኑ ክፍል በ9,000 ብር ብታከራዩና ተከራዩ ውድ ሆኖበት ለቆ ሁለት ወር ባዶ ብትቆም የምታገኙት 90,000 ብር ነው። በዚህ ላይ የደላላ ኮሚሽን፣ አዲስ ቀለም፣ የተሰበረ ቁልፍ አለ። ከላይ ከላይ የሚጠይቅ አከራይ በዓመቱ መጨረሻ ያነሰ ይዞ ይገኛል። በጊዜው የሚከፍልና ቤቱን የሚጠብቅ ተከራይ ካገኛችሁ እንዲቆይ አድርጉ። የኪራይ ገቢ ግብር እንዳለባችሁም አትርሱ፤ በገቢ ግብር አዋጁ በሠንጠረዥ «ለ» የሚታይ ነው። የጥገና ወጪ ደረሰኞቻችሁን በአንድ ፖስታ አጠራቅሙ።

ውጭ አገር ሆናችሁ የምትሰሙን፣ በዱባይ፣ በቤይሩት፣ በዋሽንግተን፣ በላባችሁ ቤት ሠርታችሁ ለወንድም ወይም ለአክስት ያስረከባችሁ ብዙ ናችሁ። ውክልናውን በኤምባሲው ወይም በቆንስላው በኩል ስታሠሩ ማከራየትን፣ ውል መፈረምንና ማስመዝገብን በግልጽ ይጥቀስ፤ መሸጥንና ማስያዝን ካላሰባችሁት አታስገቡበት። ኪራዩ በቀጥታ በራሳችሁ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ ለሚያስተዳድርላችሁ ዘመድ ደግሞ የድካሙን በየወሩ ላኩለት። ገንዘቡ በእጁ እየገባ «አሳይ» ከምትሉት ይህ ለዝምድናው ይሻላል።

ተከራይ ሲለቅ ደግሞ የርክክቡን ዝርዝርና ፎቶ አውጡና አብራችሁ እዩ። በኑሮ ያረጀውን፣ ለምሳሌ የደበዘዘ ቀለምንና የተበላ የበር እጀታን፣ ካሳ አትጠይቁበት፤ የተሰበረ መስታወት ግን ይከፈላል። የቆጣሪውን የመጨረሻ ንባብ መዝግቡ፣ ቀሪ ቅድሚያ ክፍያ ካለ በዚያው ቀን በባንክ መልሱለት፣ ሁለታችሁም «ርክክብ ተፈጽሟል፣ ዕዳ የለብንም» ብላችሁ ፈርሙ። የውሉን መቋረጥ ለወረዳው አሳውቁ። የውጪውን በር ቁልፍ ተቀበሉ፤ ስንት ቅጂ እንዳስቀረጸም ጠይቁት።